በእቴቴ ጓሮ የተተከለው ጆሮ

ጥቅምት 9

እቴቴዬ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው፤ አንቺ እንደሆንሽ የደብዳቤን መግቢያ ዘለሽ ነው የምታነቢው። ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሹራብም እለብሳለሁ። ጨረስኩ።

አሁን ወደ ቁጣሽ ልምጣ። «ሰዎችሽ ጓሮዬ ገብተው ጎመኑ መሀል የተከሉት ምንድነው? ፈንጂ ነው?» ብለሽኛል። ፈንጂ አይደለም፣ ጆሮ ነው። ቢሮ ውስጥ ረጅም ስም አለው፤ እኛ ግን ጆሮ ነው የምንለው። ሹሏ ብረት መሬት ውስጥ ትገባለች፤ ከላይ ያለችው ቆርቆሮ ደግሞ የመሬቱን ንቅናቄ፣ ሰው ልብ የማይለውን ትንሹን ሳይቀር፣ ትመዘግባለች። በየሰፈሩ ተክለናቸዋል። ቆይተው ደግሞ ሠራተኞቻችን በትልቅ መዶሻ መሬቱን እየመቱ ያልፋሉ። ድምፁ ወደ ታች ይወርድና ድንጋይ ባገኘ ቁጥር እየነጠረ ይመለሳል። ጆሮዎቹ የሰሙትን ሰብስቤ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ከመሬት በታች ያለውን ሥዕል እሠራለሁ። ሥራሽ ምንድነው እያልሽ ስትጠይቂኝ የኖርሽው ይኸው ነው።

በአንቺ ቋንቋ ልንገርሽ። ከእግርሽ በታች ያለው ድንጋይ እንደ ተደራረበ ባለመስመር ጨርቅ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ግን ተቆርጦ አንዱ ወገን ዝቅ ብሏል፤ መስመር ከመስመር አይገጥምም። መቆረጫው ስንጥቅ ይባላል። ባለፈው ክረምት ሳህኖችሽን ከመደርደሪያ ያወረደብሽ እሱ ነው። በሰፈራችሁ እንደሚያልፍ እናውቃለን፤ በማን ቤት ሥር እንደሚያልፍ ግን ገና አልታወቀም። ማዘጋጃ ቤቱ የእኛን ካርታ እየጠበቀ ነው። ስንጥቁ ላይ የተገኙ ቤቶች ይለቀቃሉ።

እና እቴቴ፣ ካርታው ሳይመጣ አንቺ ነይልኝ። ሁለተኛው ክፍል ባዶውን ተቀምጧል፤ መስኮቱ ብርሃን ያስገባል፤ የስፌት መኪናሽን እሱ ሥር እናደርጋለን። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ አሁን ተራው የኔ ነው። እሺ በይኝ፣ በሞቴ።

ጉልበትሽስ? ባለፈው ስጠይቅሽ ዝም ብለሽ አለፍሽው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ረጅሙ ሾፌራችን ነው። ባትሪ ሊቀይርና ጆሮዎቹ የሰሙትን ሊያመጣልኝ ይመላለሳል፤ መልስሽን ለእሱ ስጪው። ስልክ እንደሆነ «ሰማሽኝ? ሰማሽኝ?» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ።

ቆፋሪሽ

&nbsp;

ኅዳር 2

ለቆፋሪዋ፣

ሕፃን ሆነሽ ጓሮዬን በማንኪያ ስትቆፍሪ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር የትም አያደርስሽም» እያልኩ እጮህብሽ ነበር። ይኸው ዛሬ ደመወዝ እየከፈሉ ያስቆፍሩሻል። እኔ ትንቢት ላይ እንዲህ ነኝ።

ጆሮውን አየሁት። ጎመኔ መሀል ቆሞ የሰውን ጉድ ያዳምጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጓሮ ግን ጆሮ ተተክሎበት የሚሰማው ያንቺ ቢሮ ሆነ። ማዶ ያለችው ስልከኛዋ ጎረቤቴ ትዝ ትልሽ የለ? ከስልክ ቤት ጡረታ ከወጣች ስንት ዘመኗ፣ አመሏ ግን አልወጣም። መንገዱን ተሻግራ መጣችና ጎንበስ ብላ «ሃሎ» አለችው። መልስ ስላልሰጣት ተቀይማዋለች።

ስለ ጉልበቴ ደግሞ፣ ሰው ስለ ጉልበት ደብዳቤ ይጻጻፋል እንዴ? ደህና ነው፣ ሁለቱም እቦታቸው አሉ። ይልቅ ሥራ በዝቶብኛል። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ሚዜዎች ቀሚስ፣ የማይጠብቡ ሱሪዎች የሚጠብቡበት፣ የማይሰፉ ወገቦች የሚሰፉበት ወቅት ነው። ከመኪናዬ ላይ አልወርድም።

ስለዚህ መምጣቱን ተዪው። ደንበኞቼን ለማን ጥዬ? በገዛ እጄ የምኖር ሴት ነኝ፤ እግሬ መርገጫውን እስከረገጠ ድረስ የማንም ሸክም አልሆንም። ከቤቱም ጋር ተስማምተናል። እሱም አረጀ፣ እኔም አረጀሁ፤ አንሰዳደብም።

ሾፌራችሁ ሲገባ ግንባሩን መቃኑ መታው። ሲወጣም መታው። እግዜር ቁመት ሲያድል ሰልፉ ላይ ሁለቴ ቆሞ ለማስተዋሉ ሳይደርስ ቀርቶ ነው። ግን ደግ ልጅ ነው፤ ማሰሮዬን ከመደርደሪያው ላይ አውርዶልኛል።

እቴቴሽ

&nbsp;

ኅዳር 18

እቴቴዬ፣

በሾፌሩ አፍ ለላክሽብኝ ጥያቄ መልሱ «የለም» ነው። ባል የሚባል ነገር ሲኖር ከማንም ቀድመሽ ትሰሚያለሽ። ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሰው አይላክም፤ ምስኪኑ ከአለቃዬ ፊት ነው የነገረኝ።

ጆሮሽ የሰማው መጣልኝ። መዶሻው እናንተ ጋ የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር ስለሆነ ለጊዜው የተመዘገበው የሰፈሩ ሐሜት ብቻ ነው። ሁሉም ነገር እንደ ተንቀጠቀጠ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ሥራዬ ነውና አንዱን ካንዱ እለየዋለሁ። የዳቦ መኪናው ሲያልፍ፣ የብረት በርሽ ሲዘጋ፣ አንድ ሰው ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ሲገባ (ስልከኛዋ ናት ብዬ አስቤያለሁ)። ቀኑን ሙሉ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ። አለቃዬ «ድንጋይ ያስቃል እንዴ?» አለኝ።

ያንቺን መኪና ግን አላገኘሁትም። ልጅ ሆኜ በእሱ ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ኮሌታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ጨርቁን ታዞሪያለሽ፣ ትንሽ ታስቢያለሽ፣ ከዚያ እንደገና። ጆሮው የተተከለው ከስፌት ክፍልሽ መስኮት ሥር ነው፤ ከማንም በፊት መስማት የነበረበት አንቺን ነው። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንዲፈትሹት ነግሬያለሁ።

ቆፋሪሽ

&nbsp;

ኅዳር 29

ልጄ፣

ጆሮውን አይፈትሹት፤ ጤነኛ ነው። የታመመው መኪናው ነው። ቺንጋው ተበጥሶ ሰንብቶ ነበር፤ አሁን አስቀጥዬዋለሁ። መዶሻ መቺዎቹ ይምጡና ትሰሚኛለሽ። እስኪበቃሽ ትሰሚኛለሽ።

የላክሽው የጉልበት ቅባት ደርሶኛል። ለምን እንደላክሽው አልገባኝም፤ እኔ አላመመኝም አልኩሽ እኮ። ለስልከኛዋ ሰጥቻታለሁ።

ሥራ ስላለብኝ እዚህ ላይ አበቃሁ።

እቴቴሽ

&nbsp;

ታኅሣሥ 18

እቴቴዬ፣

ሰማሁት! መዶሻ መቺዎቹ ሰፈራችሁ በቆዩበት ጊዜ ሁሉ መኪናሽ ሲሄድ ነበር። ወንበሬ ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ድሮስ አንቺ መቼ ትደክሚያለሽ።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የድንጋዩ ንብርብር ከትምህርት ቤቱ ወገን ጥርት ብሎ ይመጣል፤ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ልክ እንደነገርኩሽ ባለመስመር ጨርቅ። አንቺ ጓሮ ሲደርስ ይደበዝዛል። ቤትሽ ሥር የተቦጨቀ ይመስላል። ከመንገዱ ማዶ በኋላ እንደገና ይታያል፤ ግን ዝቅ ብሎ ነው። ኮምፒውተሩ የጎደለውን በራሱ ግምት መሙላት ይወዳል። ሜዳ ላይ ሲሆን እንተወዋለን፤ ስንጥቅ አጠገብ ግን ግምቱን የሚያምነው የለም። አለቃዬ ሥዕሉን አየና ጣቱን ቤትሽ ላይ አሳርፎ «እዚህ ነው የተቆረጠው» አለ። የማን ቤት እንደሆነ አልነገርኩትም።

ካርታው በቅርቡ ይታተማል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንዴ ከወጣ ማንም አይመልሰውም። ቤቱን ያስለቅቁሻል።

አባትሽ የሠራው ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ የተወለደችበት መሆኑንም አውቃለሁ። አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን አንቺን ዋሽቼ አላውቅምና ይህንንም ልንገርሽ። እያለቀስኩ ክፍልሽን መጥረግ ጀምሬያለሁ።

ቆፋሪሽ

&nbsp;

ታኅሣሥ 27

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ክፍሉን አትጥረጊ። ሰው ሳይሞት ልብሱ አይታጠፍም።

ነይ ስትይኝ ደስ ይለኛል፤ አይለኝም አልልም። ግን ለምኖ የሚያስመጣና አስወጥቶ የሚያስመጣ አንድ አይደለም። እኔ ከዚህ ቤት ተባርሬ ሻንጣዬን ይዤ ደጃፍሽ ላይ መቆም አልችልም። ሠርቼ የማድር ሰው ነኝ። ስሰፋ ሰማሽኝ አይደል? የሚሰፋ ሰው ቤቱን አይለቅም፤ ለማዘጋጃ ቤቱም እንዲህ በይልኝ።

ብርድ ነው፣ ሹራብሽን ልበሺ።

እቴቴሽ

&nbsp;

ጥር 6

እቴቴዬ፣

«ስሰፋ ሰማሽኝ አይደል?» ብለሽ ጽፈሻል። ካነበብኩት ጀምሮ ይቺ ጥያቄ እህል ውኃ አላስቀምስ አለችኝ። ተመልሼ ሰማሁሽ። መጀመሪያ ስሰማ ከደስታዬ አላስተዋልኩም፤ አሁን በደንብ ሰማሁ።

እቴቴ፣ የሚረግጠው ሰው አንቺ አይደለሽም።

ያ እግር ኮሌታ ላይ አይቆምም። እጅጌም ላይ አይቆምም። ቁልቁለት እንደያዘ ጋሪ ዝም ብሎ ይረግጣል፣ ይረግጣል። እንዲህ የሚሰፋ ልብስ ቢኖር እጅና እግር የሌለው ነው። ደግሞ የሚጀምረው መዶሻ መቺዎቹ መንገዱ ላይ ሲታዩ ነው፤ እነሱ ሲሄዱ ያቆማል።

ከዚያ ሌላው ነገር ገባኝ። መኪናው የሄደው መዶሻው መሬቱን በመታ ቁጥር ነው፤ በጆሮው አናት ላይ ማለት ይቻላል። ከሥር የሚመለሰው ድምፅ በጣም ቀጭን ነው። በዚያ ርግጫ ተውጦ ይሆናል። ቤትሽ ሥር ተቦጨቀ ያልነው ድንጋዩ ላይሆን ይችላል፤ የኔ ጆሮ ነው የደነቆረው።

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አለቃዬ መኪናሽን ምኑን ያውቀዋል? ዝም ብል ካርታው ይታተማል፣ ቤቱ ይለቀቃል፣ አንቺም ወደኔ ትመጫለሽ። አልዋሽሽም፣ ጠረጴዛዬ ላይ እጄን አጣጥፌ አሰብኩት። ቆይቼ አሰብኩት። ከዚያ ሄጄ ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቤቱ ያንቺ መሆኑንም ጭምር። ኮቱን አወለቀና ተቀመጠ። «ካርታው ይቁም፣ እንደገና ይመታ፤ ሥዕሉንም እኔ ራሴ ነኝ የማየው» አለ።

እና ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ መቺዎቹ ሲመጡ ቤቱ ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስ። ሁለተኛ፣ የሚረግጠው ማነው? አንቺስ ለምን አልረገጥሽም? አፈር ስሆን እውነቱን ንገሪኝ።

ቆፋሪሽ

&nbsp;

ጥር 15

ለቆፋሪዋ ልጄ፣

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው ለካ እውነት ነው። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ የኔ ስንቅ አልቆ ነበር።

የሚረግጠው ስልከኛዋ ናት። ጉልበቴ ከክረምቱ ጀምሮ እምቢ ብሎኛል። ያን ጊዜ መሬቱ ሲነቃነቅ ሳህኑን ላድን ስሮጥ ደረጃው ላይ ወደቅኩ፤ ከዚያ ወዲህ መርገጫው ላይ እግሬን አሳርፋለሁ እንጂ መግፋት አልችልም። ዩኒፎርም የለም፣ የሚዜ ቀሚስ የለም። ደንበኞቼ ወደ ታችኛው ሰፈር ሄደዋል፤ አልፈርድባቸውም። ቅባቱንም ለማንም አልሰጠሁ፣ ጨርሼዋለሁ። ሌላ ላኪልኝ።

ጆሮው መኪናዬን እንዳልሰማ ስትጽፊልኝ ደነገጥኩ። ይቺ ልጅ ከመሬት ሥር ጉዴን ልታወጣው ነው አልኩ። ጆሮው አጥብቆ የሚያዳምጠው መዶሻ መቺዎቹ ሲመጡ መስሎኝ እነሱ ብቅ ሲሉ በመስኮት እጣራለሁ፤ ስልከኛዋ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች ትመጣለች። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አዛለሁ፣ እሷ ትረግጣለች። ጨርቅ እንኳን አልነበረበትም። «ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ኮሌታ ነው» ስላት «እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው ሳገናኝ አንድም ቀን ቁሚ ተብዬ አላውቅም» ትለኛለች። ላብ በላብ ሆና ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው። ለዚህ ውለታ በዚህ ዕድሜዋ ባት አወጣች።

የዋሸሁሽ እንዳልመጣ ብዬ አይደለም። ያቺ የምታውቂያት እቴቴ ሆኜ መቆየት ፈልጌ ነው። የሚታዘንላት ሴት መሆን አልችልበትም፤ አልለመድኩትም።

መቺዎቹ በተመለሱ ቀን ሁለታችንም ጫማችንን አውልቀን አልጋ ላይ ወጥተን ቁጭ አልን። እሷ አንዴ አስነጠሳት። ካርታው ላይ ገደል ከወጣ የሷ ነው።

አንድ ነገር ልበልሽ። ዝም ብትይ ኖሮ እጅሽ ገብቼ ነበር። አላደረግሽውም። ያሳደገሽ ሰው ይባረክ ልል ነበር፣ ለካ እኔ ነኝ።

እቴቴሽ

&nbsp;

የካቲት 4

እቴቴዬ፣

መጀመሪያ ስለ ጉልበትሽ። ተቆጥቻለሁ። ቀጥሎ አልቅሻለሁ። ቀጥሎ ስልከኛዋ እየሮጠች መንገድ ስትሻገር ታየችኝና ሳቅኩ። ቅባቱን ልኬያለሁ፤ ሐኪም ጋ ደግሞ ሾፌሩ ይወስድሻል፣ ነግሬዋለሁ፣ እምቢ እንዳትዪው።

አሁን ሥዕሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ንብርብሩ ከትምህርት ቤቱ ወገን ይመጣል፣ ጎመንሽ ሥር ያልፋል፣ አልጋሽ ሥር ያልፋል፣ መኪናሽ ሥር ያልፋል፣ አንድም ቦታ አልተበጠሰም። አጥርሽንና መንገዱን አልፎ ነው የሚቆረጠው። ከማዶው ያለው ንብርብር የአንድ ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ዝቅ ብሏል፤ መስመሩን ከመስመሩ ጋር ሳገጥመው ልክ ገባልኝ። አለቃዬ ለብቻው ሠርቶ እዚያው ቦታ ላይ ደረሰ። ቤትሽ ከሚለቀቀው ወሰን ውጪ ነው።

የስልከኛዋ ቤት ግን በትክክል ስንጥቁ ላይ ነው። ይህን መጻፍ እጄን አሞኛል። ማዘጋጃ ቤቱ ምትክ እሰጣለሁ ይላል፤ መቼ እንደሆነ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። በወረቀት ከሚደርሳት አንቺ ቀስ አድርገሽ ብትነግሪያት ይሻላል።

እንግዲህ ቤትሽ ያንቺ ነው፤ የሚያስወጣሽ የለም። ድንጋዩ ለኔ ጥብቅና አልቆመልኝም። የቀረኝ ልመና ብቻ ነው። ጉልበትሽን ምክንያት አላደርግም፤ ስንጥቁንም አላደርግም። ስለናፈቅሽኝ ነው። ጠዋት ስነሳ በዚያኛው ክፍል ውስጥ አንቺ እንድትኖሪ ስለምፈልግ ነው። እዚያው እቀመጣለሁ ብትዪም አልቀየምም፤ በየወሩ እየመጣሁ መርገጫውን እረግጥልሻለሁ። ኮሌታ ላይ መቆምም አውቃለሁ።

ክፍሉ ተጠርጎ አልቋል። ተይ ብለሽኝ ነበር፣ አልሰማሁሽም።

ቆፋሪሽ

&nbsp;

የካቲት 19

ልጄ፣

ለስልከኛዋ ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ እንደገና አወለቀች። ከዚያ «ለካ ያ ሁሉ ዘመን ቤቴ ያለው ስልክ እየተቋረጠ የሚያስቸግረኝ ወዶ አይደለም» አለች። ሳቅን። ከዚያ ተቃቅፈን ተላቀስን።

አደርኩበትና ጠዋት መልሱን ነገርኳት፤ አንቺም ስሚው። የኔን ቤት ትግባበት። ለውሸቴ እግሯን ያበደረችኝ ሴት ናት፣ ለእውነቷ ጣራ ብሰጣት አይበዛባትም። አባቴ የሠራው ቤት ሥሩ ድፍን ድንጋይ ነው ብለሻል፤ እንግዲህ ሰው ይኑርበት። ጎመኑን እንድታጠጣ አስምዬያታለሁ።

እኔ እመጣለሁ።

መሬቱ ውጪ ቢለኝ ኖሮ በአባቴ አጥንት አልወጣም ነበር፤ መቃኑን ይዤ እዚያው እሞት ነበር። ተቀመጪ ሲለኝ ግን ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት፤ ከኔ በቀር የሚቀመጥ የለም። እኔም ናፍቀሽኛል። ይህን ቃል ጽፌልሽ አላውቅም፤ ይኸው ጻፍኩት፣ መልሼም አልሰርዘውም።

ሾፌራችሁ ዛሬ ጆሮውን ሊነቅል መጥቷል። ጆሮዎቹን አድርሶልሽ ሲመለስ እኔንና መኪናዬን ይጭነናል ተባብለናል። ሳይነቅለው በፊት ግን «ደጅ ቁም» አልኩትና ገብቼ ተቀመጥኩ። ስልከኛዋ ልርገጥልሽ አለች፤ እጇን መታሁት። በራሴ እግር ሰፋሁ። ላንቺ የጀመርኩት ሸሚዝ አለ፤ ከክረምቱ በፊት ኮሌታው ላይ ነበር የቆምኩት። ሐኪሙ እንዳይሰማ።

እዚያ ውስጥ ፈልጊኝ።

እቴቴሽ

&nbsp;

የካቲት 27

እቴቴዬ፣

አገኘሁሽ።

መጀመሪያ በር ተዘጋ። ከዚያ የወንበር መሳብ መሰለኝ። ከዚያ መርገጫው ተነሳ፤ ቀስ ብሎ፣ እየተንገዳገደ፣ እንደ ድሮው ሳይሆን። ትንሽ ሄደ። ቆመ። እዚህ ላይ ብዙ ቆየሽ፤ ጉልበትሽን እያሸሽ ነው ብዬ እኔ ወንበሬ ላይ ጉልበቴን ይዤ ጠበቅሁሽ። ከዚያ እንደገና። ኮሌታው ዙሪያውን እስኪያልቅ ተከተልኩሽ።

አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ «ይሄ ምንድነው? ጫጫታ ከሆነ አጥፊው» አለኝ። «አክስቴ ናት» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየው፤ ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው አብሮኝ አየ። አላጠፋነውም።

ለስልከኛዋ እጇን ሳሚልኝ። ሾፌሩን መቃኑ ጋ ሲደርስ «ጎንበስ በል» በይው፤ መኪናሽን ተሸክሞ ነው የሚወጣው።

መልስ አትጻፊ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሰው በዚህ ጊዜ መልስ ይዞ አይመለስም፤ አንቺን ነው ይዞ የሚመለሰው።

ቆፋሪሽ